አንድ ኤሌክትሮን ሲጨመር

አንድን ነገር ለማወቅ ከሌላው ሁሉ ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል የሚለው እምነት ገና በልጅነታችን ይሰርጽብናል። ቅጠሉን ከዛፉ፣ ድንጋዩን ከአፈሩ፣ ኤሌክትሮኑን ከአቶሙ እንለያለን፤ የለየነውን መዝነንና ለክተን «እንግዲህ ይህ ነው» እንላለን። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ ይህን እምነት እስከ ጥጉ ወስዶታል። እ.ኤ.አ. በ1714 በጻፈው ሞናዶሎጂ በተባለው ሥራው፣ ዓለም የቆመችው መስኮት በሌላቸው ነጠላ ህላዌዎች ላይ ነው አለ። ከውጭ የሚገባባቸው፣ ወደ ውጭም የሚወጣባቸው ነገር የለም፤ እያንዳንዱ የሚሆነውን ሁሉ የሚሆነው ከገዛ ውስጡ ነው። ላይብኒትስ ተሳስቷል ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ብሎታል። ከባዱ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ በጣት መንካት ነው። ለእኔ ጣት የሚያርፍበት ቦታ አንዲት የካርቦን ንጣፍ ናት።

ንጣፏ ግራፊን ትባላለች። እርሳስ ወረቀት ላይ የሚተወው ግራፋይት የእንዲህ ያሉ ንጣፎች ክምር ነው፤ ግራፊን ከዚያ ክምር የተገፈፈች አንዷ ናት፣ ውፍረቷም የአንድ አቶም ውፍረት ነው። አቶሞቹ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ሠርተው ተያይዘዋል፤ ከአንዱ እስከ ጎረቤቱ 0.142 ናኖ ሜትር ነው። ፊሊፕ ዋላስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ስለ ግራፋይት ሲያጠና እ.ኤ.አ. በ1947 የነጠላዋን ንጣፍ ስሌት ሠርቷል፤ ለእሱ ግን ንጣፏ የስሌት መነሻ እንጂ በእጅ የምትያዝ ነገር አልነበረችም። በእጅ የያዟት በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ናቸው። ግራፋይትን በተራ የቢሮ ፕላስተር ደጋግመው እየላጡ ለብቻዋ አወጧት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለዓለም አሳወቁ፤ በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስለ ፕላስተሩ ብዙ ተወርቷል። እኔን የሚይዘኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ግራፊን ውስጥ የሚሮጡ ኤሌክትሮኖች ሌላ ቦታ ከምናውቃቸው ይለያሉ። በተራ ብረት ውስጥ ጉልበት የተጨመረለት ኤሌክትሮን ፍጥነትም ይጨምራል። በግራፊን ውስጥ ግን፣ ዲራክ ነጥብ በሚባለው የጉልበት ደረጃ አካባቢ ያሉት ሁሉ፣ ብዙ ጉልበት ያለውም ጥቂት ያለውም፣ በእኩል ፍጥነት ይሄዳሉ። ፍጥነቱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሜትር ገደማ ነው፤ ከብርሃን ፍጥነት ሦስት መቶኛው እጅ መሆኑ ነው። ብርሃንም ጉልበቱ ቢበዛም ቢያንስም ፍጥነቱን አይለውጥም፤ ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ ክብደት እንደሌላቸው ሆነው ይሄዳሉ ይባላል። ሌላም ነገር አለ፦ ወደ ዲራክ ነጥብ በቀረብን ቁጥር ለኤሌክትሮኖች ክፍት የሆነው ቦታ እየጠበበ ሄዶ ነጥቡ ላይ ባዶ ይሆናል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ቀሪው ሁሉ የሚከተለው ግን ከእሱ ነው። መዳብ ውስጥ አንድ ባዕድ ቻርጅ ቢቀመጥ በዙሪያው ያሉ ኤሌክትሮኖች ወዲያው ተረባርበው ይሸፍኑታል፤ ጥቂት አቶሞች ራቅ ብሎ ላለው ኤሌክትሮን ቻርጁ እንደሌለ ይቆጠራል። በግራፊን ዲራክ ነጥብ ላይ ተረባርቦ የሚሸፍን የለም። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ ከሩቅ ሳይቀር ይገፋፋሉ። ንጣፏ ከምንም ነገር ሳትነካ በባዶ ቦታ ብትንጠለጠል፣ የመገፋፋታቸው ጉልበት ከሩጫቸው ጉልበት ጋር ሲነጻጸር 2.2 ገደማ ይሆናል። ለባዶ ቦታ ኤሌክትሮንና ለብርሃን የተጻፈው ይኸው ንጽጽር 1/137 ነው። ልዩነቱ ሦስት መቶ እጥፍ ነው፤ ምክንያቱም ኤሌክትሮኖቹ ከብርሃን ሦስት መቶ ጊዜ መዘግየታቸው ብቻ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ቁጥር በኤሌክትሮኖቹ ብዛትና ማነስ እምብዛም አለመናወጡ ነው። በሌላ ቁስ ውስጥ ሲበዙ ሩጫቸው ያይላል፣ ሲያንሱ መገፋፋታቸው። በግራፊን ሁለቱ አብረው ይጨምራሉ፣ አብረው ይቀንሳሉ። እዚያ ሰፊ ቦታ በማግኘት ብቻ ከጎረቤት ማምለጥ አይቻልም።

ይህን የምናየው በምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1981 ዙሪክ አጠገብ ባለው የአይ.ቢ.ኤም. ቤተ ሙከራ ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር አንድ መሣሪያ ሠሩ፤ በ1986 ለኖቤል አበቃቸው። ስካኒንግ ቱኔሊንግ ማይክሮስኮፕ ይባላል። ማይክሮስኮፕ ይባል እንጂ ሌንስ የለውም፣ በብርሃንም አይሠራም። ያለው ጫፉ እስከ አንድ አቶም ድረስ የሾለ ሽቦ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከተንግስተን ይሠራል። ሽቦው ወደ ንጣፏ ይጠጋል እንጂ አይነካትም፤ ከአንድ ናኖ ሜትር ያነሰ ክፍተት ይቀራል። በቀድሞው የፊዚክስ ሕግ ኤሌክትሮን ያን ክፍተት የሚሻገርበት ጉልበት የለውም። በኳንተም ሕግ ግን ጥቂቶች ያልፋሉ። ክፍተቱ በ0.1 ናኖ ሜትር ሲሰፋ የሚያልፉት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳሉ፤ መሣሪያው የአንዲትን አቶም ጉብታ የሚለየው በዚህ ነው።

እስቲ ቀረብ ብለን እንቁጠር። በእንዲህ ያለ ሙከራ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት 100 ፒኮ አምፒር ነው እንበል። ይህ በሰከንድ ስድስት መቶ ሚሊዮን ያህል ኤሌክትሮን ነው፤ ብዙ ይመስላል። በአንዱና በሚከተለው መካከል ግን በአማካይ 1.6 ናኖ ሰከንድ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በግራፊን ፍጥነት ቀጥ ብሎ የሚሮጥ ኤሌክትሮን 1.6 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ከአሥር ሚሊዮን የሚበልጡ አቶሞችን አልፎ ማለት ነው። እንግዲህ ኤሌክትሮኖቹ ተጋፍተው አይገቡም። አንዱ ገብቶ፣ መግባቱ ያስነሣው ነገር ሁሉ ረግቶ፣ ከሄደ በኋላ ነው ሌላው የሚመጣው።

ተመራማሪው በጫፉና በንጣፏ መካከል ያለውን ቮልቴጅ በጥቂት በጥቂቱ እየለወጠ፣ ጅረቱ በስንት እንደሚለወጥ ይመዘግባል። ቮልቴጁ የሚገባው ኤሌክትሮን ይዞት የሚመጣው ጉልበት ነው፤ የጅረቱ ለውጥ ደግሞ ያን ያህል ጉልበት ላለው እዚያ ቦታ ላይ መግቢያ እንዳለና እንደሌለ ይናገራል። ቮልቴጁ ሲገለበጥ ጥያቄውም ይገለበጣል፤ ያኔ የሚለካው አንዱ ሲወጣ የሚሆነው ነው። በተለምዶ መሣሪያው የሚለካው ለኤሌክትሮን የተዘጋጁትን ቦታዎች ብዛት ነው ይባላል። ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ የማይነካኩ ቢሆኑ ይህ በቂ በሆነ ነበር። ሲገፋፉ ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ባዶ ወንበር የሚባል ነገር የለም። የሚለካው፣ እዚያ ያለው ብዙኃን አንድ ሲጨመርበት ወይም አንድ ሲቀነስበት የሚከፍለው ዋጋ ነው።

በእኛ አገር ሰው የሞላበት ቤት አዲስ ሰው ሲገባ የተቀመጡት «ኖር!» እያሉ ብድግ ይላሉ፤ ገቢው «በእግዜር!» ብሎ ይመልሳል። አንዱ ጠጋ፣ ሌላው ፈቀቅ ይላል፤ ሁሉም መልሶ ሲቀመጥ ቀድሞ በነበረበት ልክ የተቀመጠ አይኖርም። ደጅ ሆኖ የሚታዘብ ሰው የገባው ማን እንደሆነ ለማወቅ ያለው አንድ ምልክት የቤቱ አነሣሥ ቢሆን፣ ሰውየውን ከአነሣሡ ለይቶ ሊያውቀው አይችልም። ማይክሮስኮፑ ያለው እዚያ ደጅ ላይ ነው። የኤሌክትሮን ነገር ከዚህም ይብሳል፤ ኤሌክትሮኖች ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸውና አንዱ ከገባ በኋላ «አዲሱ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ትርጉም የለውም። ላይብኒትስ በሁሉ ነገር አንድ የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም ይል ነበር። ፈላስፎች ኤሌክትሮን ይህን መርሕ ያፈርሰው እንደሆነ እስካሁን ይከራከራሉ፤ እኔ ያፈርሰዋል ከሚሉት ጋር ነኝ።

ታዲያ ኤሌክትሮን የራሱ የሆነ ምንም የለውም? አለው። ቻርጁ ማንቸስተርም ሆነ ጨረቃ ላይ ያው ነው። ቁስ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ግን ያ እርቃኑን የምናስበው ኤሌክትሮን አይደለም፤ ጎረቤቶቹን ገፍቶ በዙሪያው የፈጠረውን ክፍተትና ንቅናቄ ሁሉ ይዞ የሚሄድ ነገር ነው። ሌቭ ላንዳው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባቆመው ንድፈ ሐሳብ ምክንያት ኳዚፓርቲክል እንለዋለን። ክብደቱም ፍጥነቱም የብዙኃኑ እጅ አለበት። ቀደም ብዬ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሜትር ያልኩት ፍጥነት ለዚህ ዋናው ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የማንቸስተር ተመራማሪዎች ንጣፏን አንጠልጥለው፣ በሌላ የመለኪያ ዘዴ፣ ኤሌክትሮኖቹን እያሳነሱ ሲለኩ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሜትር ተጠጋ። ኤሌክትሮኖቹን የሚያሯሩጥ አዲስ ነገር አልተጨመረም። የተለወጠው ከስንት ጎረቤት ጋር እንዳሉ ብቻ ነው። በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ የኢቫ አንድሬ ቡድን ደግሞ ንጣፏን ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ አድርጎ በቱኔሊንግ ማይክሮስኮፕ ሲያያት፣ የኤሌክትሮኖቹ ጉልበት በደረጃ ተከፋፍሎ ወጣ፤ ፍጥነቱ የሚነበበው ከደረጃዎቹ መራራቅ ነው። ማለቴ፣ ፍጥነት የሚባለውን ያህል የግል የሚመስል ነገር ለማንበብ እንኳ የሁሉንም አደራደር ማየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ነጠላው ታዲያ ቅዠት ነው» ቢል አልስማማም። የሚለካው ፍጥነት እውነተኛ ፍጥነት ነው፤ ሌላ ቤተ ሙከራ ሲለካውም ይገኛል። ነጠላው አለ። ሕልውናው ግን ከብዙዎቹ የተገኘ ነው። በተለመደው አስተሳሰብ በመጀመሪያ ነገሮች አሉ፣ ግንኙነታቸው በኋላ ይመጣል። እዚህ ቅደም ተከተሉ አይሠራም፤ አንዱ ምን እንደሆነ ለመናገር አስቀድሞ ከማን ጋር እንዳለ መናገር ግድ ነው።

ታዛቢውም ከዚህ ሂሳብ ውጭ አይደለም። የሽቦው ጫፍ ራሱ ቮልቴጅ የተሸከመ ብረት ስለሆነ ከሥሩ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ይስባል ወይም ይገፋል። መዳብን ሲያጠኑ ይህ ችላ ይባላል፤ መዳብ ራሱን ይሸፍናልና። ግራፊን ራሷን ስለማትሸፍን ሊለካት የመጣው ጫፍ ይለውጣታል። የተቀመጠችበትም ነገር እንዲሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንጣፏ የምትዘረጋው በሲሊኮን ኦክሳይድ ላይ ነበር፤ እዚያ ውስጥ የተቀበሩ ቻርጆች ኤሌክትሮኖቹን አንድ ቦታ እያጠራቀሙ ሌላ ቦታ እያሳሱ ምስሉን ያዥጎረጉሩት ነበር። ቦሮን ናይትራይድ የተባለውን ጠፍጣፋ ክሪስታል ከሥሯ ሲያደርጉላት ረጋች። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ በእርግጥ የሚታወቅ ነገር የለም» የሚል ሰው ችኩል ነው። ተመራማሪው ጫፉን ይለውጣል፣ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፣ ከንጣፏ ሥር ሌላ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ ከጫፉ ጋር የሚለዋወጠውን ከንጣፏ ጋር ከሚቀረው ይለያል። የራስን እጅ ከሂሳቡ ውስጥ መቁጠር ጥርጣሬ አይደለም። እኔ እንዲያውም የዕውቀት ሐቀኝነት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅለትም።

ጫፉ ከመለካት አልፎ የሚሠራበትም ጊዜ አለ። የአቶም እምብርት ቻርጁ እየበዛ ሄዶ ከ170 ገደማ ቢያልፍ፣ በጣም ቅርቡ ኤሌክትሮን ጸንቶ መቆም አቅቶት ወደ እምብርቱ እንደሚሰምጥ ንድፈ ሐሳብ ይተነብያል። ፖሜራንቹክና ስሞሮዲንስኪ የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1945 ጽፈውበታል። እንዲህ ያለ እምብርት ግን የለንም፤ እስካሁን የታወቀው ከባዱ ንጥረ ነገር ቁጥሩ 118 ነው። በግራፊን ውስጥ መሳሳቡ ከሩጫው አንጻር ሦስት መቶ እጥፍ ስለሚበረታ፣ ለዚያ መስመጥ ጥቂት ቻርጅ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በበርክሌይ የማይክል ክሮሚ ቡድን የካልሲየም አቶሞችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ በማይክሮስኮፑ ጫፍ ገፍቶ አንድ ቦታ ሰበሰበ። አንድ ጥንድ አስቀምጦ ዙሪያውን ለካ። ሌላ ጨምሮ ለካ። ጥንዶቹ አምስት እስኪደርሱ እንዲህ ሲል፣ የሚሰምጠው ኤሌክትሮን ምልክት ቀስ በቀስ ብቅ ብሎ ጎላ። ይህ የእውነተኛው ነገር ማስመሰያ ነው ወይስ ራሱ ነገሩ? እኔ ራሱ ነው እላለሁ። መስመጡ የከባድ እምብርት የግል ንብረት ሆኖ አያውቅም፤ በቻርጅና በፍጥነት መካከል ያለ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ በተገኘበት ሁሉ ነገሩ ተገኝቷል።

ሚዛኑን በሌላ መንገድ ማዛባትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ራፊ ቢስትሪትዘርና አላን ማክዶናልድ ሁለት የግራፊን ንጣፎች ተደራርበው አንዷ በ1.1 ዲግሪ ያህል ዞር ብትል ኤሌክትሮኖቹ ፍጥነታቸውን ከሞላ ጎደል እንደሚያጡ አሰሉ። ሩጫው ሲደክም መገፋፋቱ ይነግሣል። በ2018 በኤም.አይ.ቲ. የፓብሎ ሃሪዮ ኤሬሮ ቡድን ይህን ሠርቶ ሲፈትሽ፣ 1.7 ኬልቪን አካባቢ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እንቅፋት የሚያልፍበት ሱፐርኮንዳክተር ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት የፕሪንስተን፣ የኮሎምቢያ፣ የካልቴክና የሩትገርስ ቡድኖች በቱኔሊንግ ማይክሮስኮፕ ተመለከቱት። ዝግተኞቹ ኤሌክትሮኖች የሚይዙት የጉልበት ደረጃ ጭራሽ ሲሞላ ወይም ጭራሽ ባዶ ሲሆን በመለኪያው ላይ ቀጭንና ሹል ሆኖ ይታያል። በከፊል ብቻ ሲሞላ ይሰፋል፣ ይሰነጠቃል። ልብ በሉ፤ አቶሞቹ ያው ናቸው፣ ዲግሪው ያው ነው፣ የተለወጠው የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ሲለወጥ የሁሉም ጉልበት ተለወጠ። ላይብኒትስ መስኮት የለም ያለበት ቦታ ይህ ነው፤ እዚህ ግድግዳውም የለም።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ሙከራ ግን ዩጂን ዊግነር እ.ኤ.አ. በ1934 የተነበየውን ለማየት የተደረገው ነው። ኤሌክትሮኖች በቂ ያህል ቢሳሱና ሩጫቸው ቢበርድ፣ አለ ዊግነር፣ መገፋፋታቸው ብቻውን በሥርዓት ያሰልፋቸዋል፤ አቶም ሳይረዳቸው ከራሳቸው ክሪስታል ይሠራሉ። ለዘጠና ዓመታት ብዙ የተዘዋዋሪ ማስረጃ ተሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2024፣ ዊግነር ራሱ ባስተማረበት በፕሪንስተን፣ የአሊ ያዝዳኒ ቡድን ንጹሕ ባለ ሁለት ንጣፍ ግራፊን ወስዶ፣ ከፍጹም ዜሮ በላይ አንድ ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ቅዝቃዜና በጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ በማይክሮስኮፑ ቃኘው። ኤሌክትሮኖቹ በሦስት ማዕዘን ሥርዓት ተደርድረው ታዩ። እያንዳንዱ ነጥብ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ድብዝዝታው ከጎረቤቱ ያለውን ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሸፍናል። የመሣሪያው ጉድለት አይደለም። የኳንተም ሕግ ኤሌክትሮንን አንድ ቦታ ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ አይፈቅድለትም፤ በተሰለፈበትም ይንቀጠቀጣል። ያን ሥርዓት ያዘዘ ማንም የለም፣ ከውጭ የመጣ ንድፍም የለም። ሁሉም ከሁሉም በተቻለ መጠን ሲርቅ የተገኘ አሰላለፍ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ስብከት ይመጣል፤ ኤሌክትሮን እንኳ ብቻውን አይሆንምና ሰውም እንዲህ ይሁን የሚል። እኔ አልገባበትም። ኤሌክትሮን አይወድም፣ አይቀየምም፣ ውል አይገባም፤ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት መገፋፋት ነው። ስለ አብሮ መኖር የምንለውን ከራሳችን ሕይወት ማውጣት አለብን። ከግራፊን የምንማረው ሌላ ነው፦ «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ነገሩን ለብቻው ያቆመ መልስ ምን ያህል እንደሚጎድል። ይህ የፍልስፍና ጥያቄ ነበር፤ አሁን በፒኮ አምፒር ይለካል።

ስለዚህ ልመናዬ ለተማሪዎችና ለመምህራን ነው። በትምህርት ቤት ኤሌክትሮንን በእምብርት ዙሪያ የምትዞር ትንሽ ኳስ አድርገን መሳል ለመጀመሪያ ትምህርት ይበቃ ይሆናል፤ እዚያው መቆም ግን አይገባም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስድስት ኪሎ፣ ፊዚክስ አራት ኪሎ ይማራሉ፤ መንገዱ በእግር የሚሄዱት ነው። ስድስት ኪሎ ያለህ ስለ ህላዌና ስለ ዝምድና ስትከራከር ወርደህ የፊዚክሱን ተማሪ መሣሪያው በእርግጥ ምን እንደሚለካ ጠይቀው። አራት ኪሎ ያለሽም የጅረቱን ኩርባ ስታነብቢ ወጥተሽ ያነበብሽው የአንዱ ይሁን የብዙዎቹ ከፍልስፍናው ተማሪ ጋር ተሟገቺ። በ1.1 ዲግሪ የዞረው ግራፊን ለምን ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን ሁሉን ያስማማ ንድፈ ሐሳብ እስካሁን የለም፤ ጥያቄው ለእናንተም ክፍት ነው።